የጥጥ ክር

አባቴ የሞተ ዕለት ጠዋት የአክስቴ ልጅ ቶንግ ወንበር ላይ ወጥቶ የወፏን ፎቶ ከሳሎናችን ግድግዳ አወረዳት። አቧራዋን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና፣ «ከሣጥኑ አጠገብ እናቁማት። አጎቴ ማለት ወፍ፣ ወፍ ማለት አጎቴ አይደል?» አለ።

እናቴ ሩዝ የምታጥብበትን ድስት እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር።

«መልሰህ ስቀላት። ካልሆነም አቃጥላት። እሱ አጠገብ ግን አታቆማትም።»

ቶንግ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን እኔን አየኝ። እኔ ፎቶዋን አየሁ። አረንጓዴ የዛፍ ሽበት የሸፈነው ግንድ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ክንፏ ሰማያዊ፣ አንገቷ ነጭ፣ ከሆዷ በታች እንደ በሰለ ቃሪያ የቀላች ወፍ። እኛ አገር ቴው-ሌው ትባላለች፤ ስሟን ራሷ ነው የምትጠራው። ፎቶዋ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ግድግዳ ላይ ነበረች። አባቴ ግን በነዚያ ዓመታት ሁሉ እራት ሲበላ ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። እኔ ደግሞ ጀርባውን የሰጠው ለእኔ ይመስለኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ልናገር።

ቤታችን የመንደሩ መጨረሻ ነው። ከጓሯችን ወዲያ ጫካ እንጂ ጎረቤት የለም። አባቴ ከቀርከሃው ሥር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የምታህል ኩሬ በሲሚንቶ ሠርቶ ነበር። ከላይዋ ክዳኑን በሚስማር የበሳውን ጠርሙስ ዘቅዝቆ ሰቅሏል፤ ውሃው ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ይላል። «ወፍን የሚጠራው ውሃው አይደለም፤ የውሃው ድምፅ ነው» ይለኝ ነበር። ከኩሬዋ ፊት ለፊት ከጥቁር የጥላ መረብ የተሰፋ ድንኳን አለ። በድንኳኑ ወገብ ላይ ሌንስ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች፣ ከውስጥ ደግሞ ዝቅ ዝቅ ያሉ የፕላስቲክ መቀመጫዎች። ከባንኮክ የሚመጡ ሰዎች ገና ሳይነጋ እዚያ ይገቡና ክንድ የሚያህል ሌንሳቸውን በቀዳዳው አውጥተው ይቀመጣሉ። ትንኝ ይበላቸዋል፤ መትተው አይገድሉትም። ያስነጥሳቸዋል፤ በእጃቸው ያፍኑታል። ወፍ ስትመጣ አንዱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፤ ከዚያ ካሜራዎቹ ሁሉ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ባንድ ጊዜ ይንጫጫሉ።

እኔ ድንኳኑ ጥግ ላይ የራሴ መቀመጫ ነበረኝ። ዝም ካልኩ መቀመጥ ይፈቀድልኛል።

«ይቺ ልጅ ከወፎቹ ይልቅ ታስፈራኛለች» ይላል ከእንግዶቹ አንዱ በሹክሹክታ። «እነሱ እንኳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እሷ አትጨፍንም።»

አባቴ በየማለዳው አጎንብሶ ኩሬዋን ይጠርጋል፣ ግንዱ ሥንጥቅ ውስጥ ትል ይበትናል፣ የረገፈ ቅጠል አንድ በአንድ ይለቅማል። እናቴ ከጓዳ በር ቆማ፣ «ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ አጎንብሰህ ውሃ አቅርበህልኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

«አንቺ መች ትበርሪብኛለሽ?»

«ልሞክር እንዴ?»

አባቴ ይስቃል። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

አባቴ ቀድሞ ወፍ አጥማጅ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ ነውር አልነበረም። በረንዳችን ላይ የተያዙ ወፎች ጎጆ እንደ ልብስ ተደርድሮ ይንጠለጠል ነበር ይላሉ። እኔ ገና ጡት ሳልጥል ሳንባዬ ታመመ። ከንፈሬ ሲጠቁር አባቴ ወደ ገዳሙ ሮጦ ሄዶ በአበምኔቱ ፊት ተንበርክኮ ስለት ገባ። «ልጄ ከተነሣችልኝ እጄ ዕድሜ ልኩን ወፍ አይጨብጥም» አለ። እኔ ተነሣሁ። እሱም ጎጆዎቹን ሁሉ ከፈተ፤ መረቡን አቃጠለ። ስለቱን ምን ያህል ያከብረው እንደነበር ለማወቅ እናቴን መጠየቅ ነው። ዶሮ ከቆጥ የምታወርደው እሷ ነበረች። እሱ «ዶሮም ወፍ ነው» ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

ይህ ታሪክ ለእኔ ተረትም ኩራትም ነበር። ጫካው ውስጥ የሚያፏጨው ሁሉ በእኔ ነፍስ የተዋጀ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት «እሱ ወፍ የእኔ ነው» ብዬ ከልጆች ጋር ተጣልቻለሁ።

ቴው-ሌው ወደ እኛ የምትመጣው ከዝናብ ጋር ነው። ይህ ሁሉ በሆነበት ዓመት ዝናቡም እሷም ቀደም አሉ። በየማለዳው ከቀርከሃው ሥር ዱብ ዱብ እያለች ትወጣና ከግንዱ ላይ ትሏን ለቅማ ትሄዳለች። ወሬው ባንኮክ ደረሰ። ኩን ፒሲት የሚባል፣ በመጣ ቁጥር በቆርቆሮ የታሸገ ብስኩት የሚያመጣልኝ ወፍራም ሰው፣ ከሩቅ የመጡ ባልና ሚስት እንግዶች ይዞ ደረሰ። እነሱ በደረሱ ዕለት ወፏ ቀረች። በማግስቱም ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ነው። ኩን ፒሲትና አባቴ ጓሮ ቆመዋል፤ እኔ ሙዝ ሥር ተቀምጬ ብስኩት እበላለሁ።

«ሉንግ ሳንጎብ፣ ምን በደልናት?» አለው አባቴን ኩን ፒሲት እየሳቀ፤ ሉንግ እኛ ዘንድ ጋሼ እንደ ማለት ነው።

«ዝናቡ ነው፣ ኩን ፒሲት። ነገ ትመጣለች።»

«ነገ እኮ ሂያጆች ነን። ሰውዬው ደግሞ ልቡ ደካማ ነው፤ ሁለተኛ ይህን መንገድ አይመጣም። የሉንግ ሳንጎብ ግቢ ሰው አሳፍሮ አያውቅም ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«ይገባኛል።»

«ብትመጣም ለቅማ እብስ ነው። ትንሽ ቆም ብትልልን ብቻ። ትንሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድሮ እጅዎ ብርቱ ነበር ይላሉ። የሉንግ ሳንጎብ እጅ የፈለገውን አያጣም ይላሉ።»

የአባቴ ጆሮ ቀላ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለ። እኔ ሰው ሲያሞግሰው ያፈረ መሰለኝ። እኔም ለእሱ ብዬ ኮራሁ።

ዛሬ ያ ፈገግታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ለሰው እምቢ ማለት ጥርስ ከመነቀል የሚብስበት ሰው ነበር። እንግዳ ደጁ ቆሞ ሲለምነው እምቢታው ጉሮሮው ላይ ይቀርና ፊቱ ላይ ፈገግታ ሆኖ ይወጣል።

አመሻሽ ላይ አሮጌውን የአልጋ አጎበር ተሸክሞ ሲወጣ እናቴ፣ «እሱን የት ትወስደዋለህ?» አለችው።

«ተቀዷል።»

«መቀደዱንማ አውቃለሁ። የት ትወስደዋለህ ነው ያልኩህ።»

አጎበሩን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ጓሮ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ሽንቴ ቀሰቀሰኝና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር፤ እርጥብ የሙዝ ቅጠል ይሸታል። አባቴ ከሙዙ ጀርባ ቁጢጥ ብሏል። ግራ እጁ ውስጥ ወፏ አለች። ጭንቅላቷ በጣቶቹ መሐል ወጥቶ ዓይኗን ታርገበግባለች። በቀኝ እጁ የእናቴን ነጭ የጥጥ ክር ይዟል። ክሩን እግሯ ላይ ሦስት ጊዜ ዞር፣ ዞር፣ ዞር አድርጎ ቋጠረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

እኔ ይህን አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። እኔም እጄ ላይ አለኝ። ለዘመን መለወጫ አበምኔቱ ያሰሩልኝ ነጭ ክር አድፎ ቡናማ ሆኖ አንጓዬ ላይ ነበር። ሰው ሲታመም፣ ሲደነግጥ፣ ሩቅ አገር ሲሄድ መንፈሱ ከሰውነቱ ይባዝናል፤ ተመልሶ እንዲቀመጥ አባ ክር ያስሩለታል፣ እያሰሩም ይመርቁታል። ቴው-ሌዋ ሁለት ቀን ጠፍታ የለ? ባዝናለች ማለት ነው። አባቴ መንፈሷን ወደ ግቢያችን እየጠራላት ነው።

ስለቱ ትዝ አላለኝም አልልም። ትዝ ብሎኛል። ግን ለምርቃት የነካ እጅ ጨበጠ አይባልም ብዬ አሰብኩ። ልጅ የሚወደውን ሰው ነጻ ለማውጣት ጠበቃ አይቸግረውም።

ክሩ በተቋጠረ ጊዜ አባቴ ቀና ሲል አየኝ።

ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እኔ ምርቃቱን ያቋረጥኩበት መሰለኝና ደነገጥኩ። ስለዚህ በድንኳኑ ውስጥ ወፍ ስትመጣ እንደምናደርገው ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁለት። ዝም እላለሁ፣ አትጨነቅ፣ ማለቴ ነበር።

«ግቢ፣ ፋይ» አለኝ። «ገብተሽ ተኚ።»

አልተኛሁም፤ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። እንግዶቹ መጡ። ጭጋጉ ሲነሣ ወፏ ግንዱ ላይ ነበረች። ካሜራዎቹ ተንጫጩ። ወፏ ዘለል ትልና በደረቷ ትደፋለች፤ ትነሣለች፣ ደግማ ትደፋለች። ለእንግዶቹ እጅ የምትነሣ መሰለኝ። በደስታ ጉልበቴን ጨብጬ ተቀመጥኩ።

የሰውዬው ሚስት ካሜራዋን ዝቅ አደረገች። «እግሯ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ግድ የለም፤ እሱን በኋላ አጠፋዋለሁ» አለ ኩን ፒሲት፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ።

በረከት እንዴት ይጠፋል ብዬ ገረመኝ። ሴትዮዋ ግን ካሜራዋን መልሳ አላነሣችም። እኔ ጥጋብ ነው ብዬ ፈረድኩባት።

አባቴ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። በመረቡ ቀዳዳ ሳየው ከጓዳው በር ላይ ካለው ጋን ውሃ እየቀዳ እጁን ይታጠባል። ታጥቦ ጨርሶ እንደገና ይታጠባል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሙዙ ሥር በመኮትኮቻ ሲቆፍር አገኘሁት።

«ምን ልትተክል ነው፣ አባዬ?»

«ምንም።»

«ወፏስ?»

«ሄደች።»

ምንም ለመትከል ሰው ጉድጓድ አይቆፍርም። እኔ ዕድሜዬ ለዚህ ብቻ ይበቃ ነበር። በማግስቱ አፈሩን በቆርቆሮ ውሃ አጠጣሁት። በየቀኑ አጠጣሁት። ምን እንደሚበቅል ለማየት ቸኩዬ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ቆርቆሮውን ይዤ ሲያየኝ ዞር ብሎ ሄደ፤ አልከለከለኝም።

ብዙ ሳይቆይ ታመምኩ። በክረምት ትንኝ የምታመጣው ትኩሳት ነው፤ በዚያ ወቅት ከመንደራችን ግማሹ ልጅ በእሷ ተኝቷል። የእኔ ግን ጠናና ሆስፒታል ወሰዱኝ። የማስታውሰው ነጭ ጣሪያና የሚዞር ማራገቢያ ነው፤ የእናቴን መዳፍ ግንባሬ ላይ። አባቴ ከአልጋዬ እግርጌ ቆሟል፣ ሁለት እጁን ከጀርባው አጣምሮ።

«አባዬ፣ እጄን ያዘኝ።»

«እናትሽ ይዛሻለች።»

«አንተም ያዘኝ።»

«እጄ ቀዝቃዛ ነው፣ ፋይ። ያሳምምሻል።»

እኔ እኮ እየነደድኩ ነበር። ቀዝቃዛ እጅ ነው የምፈልገው። እሱ ግን አልነካኝም፤ አንድ ጊዜም አልነካኝም። ሲመስለኝ በሽታዬ አስጸየፈው። ወይም ቆርቆሮውን ይዤ ሲያየኝ ያጠፋሁት ነገር አለ። ምን እንደሆነ ለማግኘት አእምሮዬን ከነትኩሳቱ ስፈትሽ ከረምኩ።

ዳንኩ። በጸሎት ቀን መንፈሴን ለማስመለስ ገዳም ወሰዱኝ። አዳራሹ መንደሩን ሁሉ ይዟል፤ ሰው ምንጣፉ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል፤ የሎተስ አበባና የሩዝ እንፋሎት ይሸታል። አበምኔቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልደኛ።

«ይቺ የወፍ ልጅ ዛሬም ተረፈች?» አሉ። «ሞት ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቴም ሳይወዳት ሄደ። ወየው ለባሏ።»

አዳራሹ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። አባ እጄን ሳይነኩ ክሩን በአንጓዬ ላይ አዞሩት፤ ለእኔ ላላ መሰለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማኝ እንደሆነ አውቄ ደስ አለኝ።

«አባ፣ ጠበቅ ያድርጉልኝ። አባዬ ለቴው-ሌዋ ያሰረላት ጠበቅ አድርጎ ነው። ለዚህ ነው ከግንዱ ላይ ያልጠፋችው።»

የአበምኔቱ ጣት ክሩ ላይ ቆመ።

«ማን ነው ያለችው?» አለች ከኋላችን አንዲት ሴት። «ሳንጎብ? በእጁ?»

«ለምዶበት ነዋ» አለ አንድ ወንድ። ጥቂት ሰዎች ሳቁን ሊውጡት ሞክረው አመለጣቸው።

አበምኔቱ ቀና ብለው አባቴን አላዩም። ቋጠሮውን ጨረሱ። «ክር ሲላላ ነው የሚሻለው፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የጠበቀ ክር በረከት አይደለም።»

ዞር ስል አባቴ መሬት መሬት ያያል። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ቆዳው እንጂ ሰውዬው እዚያ ያለ አይመስልም። ከዚያ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ አበምኔቱ ሄደና ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ነገራቸው። ከሰማሁት ውስጥ የገባኝ «እሷ ምንም አታውቅም» የሚለው ብቻ ነው። እሷ የተባልኩት እኔ መሆኔ ገባኝ። አላዋቂ መባሌ መሰለኝና እንባዬ መጣ።

በዚያው ሳምንት አባቴ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጨ። እናቴ የሚወርደውን ፀጉር በሎተስ ቅጠል እየተቀበለች ታለቅሳለች። ክረምቱን ሙሉ መነኩሴ ሆኖ ገዳም ሊቀመጥ ነው፤ እኛ አገር ባለትዳርም ቢሆን ለአንድ ክረምት መንኩሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ለምን ይሄዳል?» አልኳት።

«ስለት ነው።»

«የማን ስለት?»

«አሁንስ ዝም በይ። አንቺ ደግሞ አፍሽ።»

ስለዚህ አፌ ነው አልኩ። ጉዳዩ ተፈታ። አባቴን ከቤት ያስወጣው የእኔ አፍ ነው።

መነኮሳቱ በየማለዳው ምግብ ሊቀበሉ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው በቤታችን ፊት ያልፋሉ። የመጀመሪያው ቀን እናቴ የሩዙን ድስት ይዛ፣ እኔ ጭልፋውን ይዤ ቆምን። አባቴ የሰልፉ መጨረሻ ነበር፤ አዲስ ገቢ ነዋ። ቅንድብ የሌለው ፊቱ የሕፃን ይመስላል። ሴት ልጅ መነኩሴ እንደማትነካ አውቅ ነበር፤ ከመራመዴ በፊት ነው የተማርኩት። አባቴ መነኩሴ መሆኑን ግን ልቤ ገና አልሰማም። ጭልፋውን ጥዬ ሮጥኩና እጆቼን ዘረጋሁ።

አባቴ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተረከዙ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ሳህኑ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። ሁለት እጁን ቢጫ ልብሱ ውስጥ ደብቆ፣ «ተመለሺ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ያኔ ቁጣ ብዬ ነው የያዝኩት።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ ሩዝ ስጨምርለት ሳህኑን እንጂ ፊቱን አላየሁም። እሱም የእኔን ጭልፋ እንጂ እኔን አላየም። ጎረቤቶች «አቤት ሥርዓት፤ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ» ይሉ ነበር።

ፎቶዋ የመጣችው እሱ ገዳም እያለ ነው። ኩን ፒሲት በትልቁ አሳጥቦ፣ በመስታወት አስደርጎ ላካት። እናቴ በደስታ ሳሎን ሰቀለቻት። ምን እንደሆነች ያን ጊዜ እናቴም አላወቀችም። ክረምቱ አልቆ አባቴ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አያት። አውርጂያት አላለም። ገባና ጀርባውን ሰጥቷት ሩዙን በላ። በማግስቱ ድንኳኑን አፈረሰ። ከባንኮክ ሰው ሲመጣ «ወፎቹ ሄደዋል» ይላል፤ ወፎቹ ግን ከጀርባው ይንጫጫሉ። ኩሬዋን አልተዋትም። እስከሞተበት ሳምንት ድረስ ጠርሙሷን ይሞላ ነበር። የሚያያቸው ግን ከቤት ውስጥ፣ በመስኮት፣ እጁን ብብቱ ሥር አድርጎ ነበር።

እኔን ዳግመኛ በእጁ ነካኝ ብል ውሸት ይሆናል። ብስክሌት ሲያስተምረኝ ኮርቻውን ነው የያዘው። መንገድ ሲያሻግረኝ ቦርሳዬን ነው የያዘው።

አድጌ ከተማ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሰው ፊት ማሳመር ነው። ብጉር አጠፋለሁ፣ ጠባሳ አጠፋለሁ፤ ከጎኑ ያለውን ጥሩ ቆዳ ገልብጬ እላዩ ላይ እለጥፋለሁ። አንድ ዘመን መለወጫ ቤት መጥቼ ቴው-ሌዋን ቀና ብዬ ሳያት ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ስህተቱ ሄደ። ከወፏ ግራ እግር አጠገብ ያለው የሽበት ቁራጭ ከግንዱ ጫፍ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ያው ቅርንጫፍ፣ ያችው የውሃ ጠብታ። ተገልብጦ የተለጠፈ። ከሥሩ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ክሩ ምርቃት ሳይሆን ማሰሪያ እንደነበር ገባኝ፤ ጉድጓዱም መቃብር።

አባቴን ምንም አልጠየቅሁትም። አፈርኩበት። እሱም ያፈረብኝ መስሎኝ ነበር፤ በአንዲት ጓሮ፣ በአንዲት ገበታ፣ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ይህን ያህል ዘመን ኖርን። ያጋለጥኩት ሰውዬ፣ መንደሩ ሲስቅበት ወደ ገዳም የሸሸ ሰውዬ፣ እኔን ለማየት አፍሮ የቀረ ሰውዬ። እንዲህ ነበር ታሪኩን የጨረስኩት።

እናቴ በዚያ ጠዋት፣ ቶንግ ፎቶዋን እንደያዘ ቆሞ ሳለ፣ ድስቱን አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ስለቱን አፍርሶ ነዋ የታመምሽው» አለች። «እሱ እንዲያ ነው ያመነው። ሐኪሙ ትንኝ ነው ብሎ ቢምልለት አልሰማውም። ወፏን በዚህ እጄ ነው የገደልኳት ይላል። ከአልጋሽ ሥር ቆሞ ነው አዲስ ስለት የገባው፤ ትነሣልኝ እንጂ ክረምቱን ሙሉ እመነኩሳለሁ ብሎ። እኔም ቆይቶ ነው የነገረኝ።»

«ሆስፒታል? እኔ አዳራሹ ውስጥ ከመናገሬ በፊት?»

«ከመናገርሽ በፊት። አንቺ ተናገርሽ አልተናገርሽ መሄዱ አይቀርም ነበር።» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «እሱን ያቃጠለው ሌላ ነው። ክሩን ስቋጥር አይታኛለች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሚስጥሬን ያዘችልኝ ይለኝ ነበር። ከዚያ ስትታመሚ፣ ልጄ እያወቀች በእኔ ኃጢአት ልትሞት ነው አለ። ስትድኚና አባ ፊት ስትናገሪ ደግሞ፣ ፈረደችብኝ፣ ደግ አደረገች አለ። ሰው ፊት ‹ምንም አታውቅም› ያለው ሊሸፍንሽ ነው እንጂ፣ ሁሉን ታውቃለች ብሎ ነው የሞተው። ፎቶዋን አውርዳት ስለው፣ ‹ፋይ እስክታወርዳት ትቆይ› ይለኝ ነበር።»

ቶንግ ፎቶዋን በግንባሯ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እጁን ማጠብ ነበር። አባቴን የገዳሙ አዳራሽ ውስጥ አስተኝተው ቀኝ እጁን ከነጠላው ውጭ ዘርግተውታል፤ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ ከሥሩ የናስ ሳህን። ሰው ተራ በተራ እየተንበረከከ የጃስሚን አበባ የተነከረበት ውሃ መዳፉ ላይ ያፈስሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይነሣል። ሬሳውን የሚገንዘው ሽማግሌ ከኋላ ቆሞ ነጩን ክር እያዘጋጀ ነው፤ ከእጅ ማጠቡ በኋላ እጅና እግሩን ያስራል።

ተራዬ ሲደርስ ተንበረከክሁ። ያ እጅ ነው። ብብት ሥር፣ ኪስ ውስጥ፣ ከጀርባ፣ ቢጫ ልብስ ውስጥ ሲደበቅ የኖረው። ጣቶቹ ቀጫጭን ነበሩ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ጣቶች። አውራ ጣቱ ላይ የሚስማር ጠባሳ አለ፤ የጠርሙሱን ክዳን ሲበሳ ያገኘው።

ከጀርባዬ ያሉት ሰዎች እስክነሣ እየጠበቁ ነው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ፣ «ይቅርታውን በይና ተነሺ፣ ልጄ» አለኝ።

ውሃውን አስቀመጥኩና እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

«አባዬ፣» አልኩት፣ «የመረቅካት መስሎኝ ነበር።»